የፊዚዮቴራፒ ሕክምና በምን ማስረጃ ላይ ይመሠረታል?

እግሩ ወለም ያለው ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ ራጅ እንዲነሣና እግሩ እንዲታሽለት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ግን ቁርጭምጭሚቱን በጣቱ እየተጫነ ከመረመረና ጥቂት እርምጃ ካስኬደ በኋላ «ራጅ አያስፈልግም» ሊል ይችላል። ተገልጋዩ ቸል የተባለ ቢመስለው አያስገርምም። ይሁን እንጂ ውሳኔው ከጥናት የተገኘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ የኦታዋ ከተማ ተመራማሪዎች ለቁርጭምጭሚት ጉዳት የምርመራ መመሪያ አወጡ። በዚህ መሠረት ባለሙያው በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎላ ብለው የሚታዩት አጥንቶች ከኋላ ጠርዛቸው ወይም ከጫፋቸው ላይ፣ እንዲሁም በመሐል እግር ውጫዊና ውስጣዊ ጎን ያሉት ሁለት አጥንቶች ሲጫኑ ያምሙ እንደሆነ ያረጋግጣል። ታካሚው ጉዳቱ እንደደረሰም ሆነ በምርመራው ሰዓት አራት እርምጃ መራመድ መቻሉንም ይመለከታል። ምልክቶቹ ከሌሉ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ መሆኑ በተለያዩ አገሮች ተደጋግሞ ተፈትኖ ተረጋግጧል። መመሪያው ግን ሕመሙን በትክክል መግለጽ ለማይችል ሕፃን፣ ለሰከረ ሰው ወይም በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩ ለደነዘዘ ታካሚ አያስተማምንም።

አብዛኛው ወለምታና የወገብ ሕመም ጊዜ ሲያገኝ በራሱ እየተሻለ ይሄዳል። በመሆኑም በዚያ ወቅት የተደረገው ማንኛውም ነገር፣ መታሸትም ይሁን ቅባት፣ ያዳነ መስሎ ይታያል። ተመራማሪዎች ታማሚዎችን በዕጣ ከፋፍለው የተለያየ ሕክምና በመስጠት ውጤቱን የሚያነጻጽሩት ከዚህ ስሕተት ለመዳን ነው።

ለአብነት እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ድንገተኛ የወገብ ሕመም የያዛቸውን 186 የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች በሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን ለሁለት ቀን አልጋ ላይ እንዲተኛ፣ ሁለተኛው የወገብ እንቅስቃሴ እንዲሠራ፣ ሦስተኛው ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የዕለት ተግባሩን እንዲቀጥል ተደረገ። ከሁሉም ፈጥኖ የተሻለው ሦስተኛው ነበር። የእንቅስቃሴው ቡድን እንኳ አልቀደመውም፤ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ደስ የሚያሰኝ ውጤት ባይሆንም ተቀብለውታል። ዛሬ ድንገት ወገቡን ላመመው ሰው ቀድሞ የሚሰጠው ምክር «አይተኙ፣ በልክ ይንቀሳቀሱ» የሚል ነው። ለወለምታም እንዲሁ ነው። ስብራት ከሌለ እግርን ለረጅም ጊዜ አስሮ ከማስቀመጥ ይልቅ በድጋፍ ቀድሞ መንቀሳቀስ ይመረጣል፤ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድም ወለምታው እንዳይደገም ይረዳል።

ጥናት ብቻውን ግን ሕክምና አይሆንም። በሄልሲንኪ የከተማ አስተዳደር ተቀጣሪ ላይ የተገኘ ውጤት ኩንታል በጀርባው ለሚሸከም የቀን ሠራተኛ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። ስለዚህ ባለሙያው ስለ ሥራዎ፣ ስለሚጓዙት መንገድ፣ በቤት ውስጥ ስለሚረዳዎ ሰው ሲጠይቅ በዝርዝር ይንገሩት። «ይህ ሕክምና ለምን ተመረጠልኝ?» ብሎ መጠየቅም መብትዎ ነው።

የወገብ ሕመሙ በጭን መካከል ከመደንዘዝ፣ ሽንት ከመያዝ ወይም ከማምለጥ፣ ከእግር መዛል ጋር ከመጣ ግን የሚያስፈልገው እንቅስቃሴ ሳይሆን አስቸኳይ የሆስፒታል ሕክምና ነው። ስብራት ደርሶበት በወጌሻ የታሰረ ሰውም ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየበረታ ከሄደ ማሰሪያው የደም ዝውውርን እያገደ ሊሆን ይችላል። እጅና እግራቸውን በዚህ ምክንያት ያጡ ወገኖች አሉ። ማሰሪያው ወዲያውኑ ተፈቶ፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ፣ ታካሚው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።