ሐይቅ ላይ የሚሠራ ሰው የነፋስ ትንበያ ይፈልጋል

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከገላን እስከ ሱሉልታ፣ ከቡራዩ እስከ ሰበታ የዓሣ ገበያው ይሞቃል። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ምግብ ቤቶች ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ ቆሮሶ የሚፈልጉት በዚህ ሰሞን ነው። ከዝዋይ፣ ከቆቃ፣ ከአርባ ምንጭና ከጣና ይጫንላቸዋል። ጾሙ የሚውለው ግን ነፋስ ሜዳውን በአቧራ በሚሸፍንበት በየካቲትና በመጋቢት ነው። ዋጋው ጥሩ የሚሆነው ሐይቁ በሚቆጣበት ወቅት ስለሆነ አስጋሪው «ዛሬ ይቅርብኝ» ለማለት የሚቸገረውም ያኔ ነው።

ሰበታ ላይ የዓሣና የሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ጫጩት ያራባል፣ መኖ ይሞክራል፣ የሐይቆቻችንን የዓሣ ሀብት ያጠናል። ሕግም አለን፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ለዓሣው ይህን ያህል ታስቧል፤ መረቡን ይዞ ለሚወጣው ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ምን ዓይነት ነፋስ እንደሚጠብቀው የሚነግረው ድምፅ አልተዘጋጀለትም። ማታ በቴሌቪዥን የየከተማውን ሙቀትና ዝናብ እንሰማለን። የጣና ማዕበል ነገ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ሲነገር ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም።

ውቅያኖስ ላይ የሚያጠምድ ሰው ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ያያል። አንዱ በአካባቢው የሚነፍሰው ነፋስ ነው። ሌላው በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የነበረ ወጀብ ልኮት፣ ነፋስ በሌለበት እንኳ እየተንከባለለ የሚመጣው ረጅም ሞገድ ነው። የእኛ ሐይቆች ሁለተኛውን አያውቁም። ማዕበላቸው ከዚያው ሰዓት ነፋስ ይወለዳል፣ ነፋሱ ሲበርድም ብዙ ሳይቆይ ይተኛል። ስለዚህ የማስጠንቀቂያው ጊዜ አጭር ቢሆንም ጥያቄው ቀላል ነው፤ ነፋሱን ያወቀ ማዕበሉን ያውቃል።

ጣናን እንውሰድ። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ጥልቀቱ በጣም በጠለቀበት ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ብቻ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል፤ ታንኳ አንዱን አልፎ ሳይረጋጋ ሁለተኛው ይደርስበታል። ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣ ደግሞ ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር ውሃውን የሚገፋበት ሙሉ ሐይቅ አለው። ፀሐይ የብሱን ከውሃው ፈጥና ስለምታሞቅ ጠዋት የተኛው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ይነሣል። መረብ የሚጣለው አመሻሽ ላይ፣ የሚነሣው ማለዳ ነው፤ ማለዳው ብዙ ጊዜ ይራራል፣ አደገኛው መረብ ለመጣል የሚወጣበት ሰዓት ነው። በክረምት ደግሞ ነጎድጓድ ያለው ደመና ከዝናቡ ቀድሞ የሚልከው ድንገተኛ ነፋስ አለ።

ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች በዚህ ሐይቅ ለትውልዶች ኖረዋል፤ ሰማዩን አይቶ መውጣትና መቅረት በቤታቸው የሚወረስ ዕውቀት ነው። እኔ ይህን ዕውቀት ከማንኛውም መሣሪያ አላሳንሰውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና ከገቡ ወዲህ አስጋሪው ከዳር ርቆ ይሄዳል። ሐይቁ መሐል ሆኖ ደመና ሲጠቁር ያየ ሰው ደግሞ ለመመለስ ዘግይቷል።

የሚያሳዝነው፣ የአየር ትንበያ መጀመሪያውኑ የተፈጠረው ለውሃ ላይ ሰዎች መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ሮያል ቻርተር የተባለችው መርከብ በዌልስ ዳርቻ በወጀብ ተሰብራ ከ400 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ የባሕር ኃይል መኮንኑ ሮበርት ፊትዝሮይ ከየጠረፉ በቴሌግራፍ ወሬ እየሰበሰበ በ1861 ለወደቦች የወጀብ ምልክት ማሰቀል ጀመረ። እርሱ ከሞተ በኋላ ሊቃውንቱ «ይህ ሳይንስ አይደለም» ብለው በ1866 አስቆሙት። ባሕረኞቹ አቤት አሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ማስጠንቀቂያው ተመለሰ። በእኛ ሀገር ግን ሜትሮሎጂ ያደገው በሲቪል አቪዬሽን ሥር፣ ለአውሮፕላን ነበር። ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1973 ዓ.ም. ሲሆን፣ ድርቅ ደጋግሞ በመታት ሀገር ቀዳሚ ጭንቀቱ የገበሬው ዝናብ መሆኑ ተገቢ ነበር። አስጋሪው ወረፋው ሳይደርሰው ቆየ።

ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ወረፋው ደርሷል። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንደሚሰጥሙበት ይገመት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2021 በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት አስተባባሪነት በተካሄደ ፕሮጀክት የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ትንበያ ሰጪዎች ሐይቁን በቀጠና ከፋፍለው የነፋሱን ኃይልና አቅጣጫ፣ የማዕበሉን ከፍታ፣ የነጎድጓዱን ሁኔታ በየቀኑ ማውጣት ጀመሩ። መልእክቱ በአካባቢ ቋንቋ በሬዲዮና በስልክ ይደርሳል። ከአስጋሪዎቹ ጋር ቁጭ ብለው «የቱን ቃል ትረዳላችሁ? በስንት ሰዓት ይድረሳችሁ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ለእኔ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው።

ስልክ ያለው ወጣት ዊንዲ የተባለውን የነፋስ ትንበያ መተግበሪያ ከፍቶ ማየት ይችላል፤ ቢያይም ይጠቅመዋል። ሆኖም እዚያ ከሚታዩት አንዱ የሆነው ነፃው የአሜሪካ ሞዴል መረጃውን የሚያሰራጨው ምድርን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎን ባላቸው ሳጥኖች ከፋፍሎ ስለሆነ፣ ጣና በወርዱ ሁለት ሦስት ሳጥን ብቻ ይደርሰዋል፤ የአርባ ምንጩ ጫሞ ሐይቅማ ከሞላ ጎደል አንድ። የቀትሩ የሐይቅ ነፋስ በዚያ መጠን አይያዝም። ማስተካከል የሚቻለው ዳር ላይና ደሴት ላይ በተተከለ የነፋስ መለኪያ፣ ጠዋትና ቀትር በሚነገር አጭር የአማርኛ ማስታወቂያ፣ ስልክ ለሌለው ደግሞ ጀልባ በሚነሣበት ዳር በሚሰቀል ባንዲራ ነው። ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ማሪታይም ባለሥልጣንም አሉን፤ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም።

ጉዳዩ አሁን የጣና ብቻ አይደለም። ከሕዳሴው ግድብ ጀርባ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው የንጋት ሐይቅ ተፈጥሯል፤ ሲሞላ ስፋቱ ወደ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ማስገር ተጀምሮበታል። እዚያ ጀልባ የሚያወጡት ወጣቶች ነፋሱ በየትኛው ወር ከየት እንደሚነሣ የሚጠይቁት አባት የላቸውም፤ ውሃው ከእነርሱ ዕድሜ ያነሰ ነው።