የልጅ ልጄ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ያወራል

ከሜሪላንድ ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ ስለ ልጅ ልጄ ሲጠይቁኝ «በሬዲዮ ይነጋገራል» እላቸዋለሁ፤ ሁሉም ግራ ይገባቸዋል። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ከእነሱ ቤት ሁለት በር አልፎ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ፈቃድ ያላቸው የአማተር ሬዲዮ ሰው ናቸው። እሳቸው አጠገቡ ቁጭ ብለው በእሳቸው መሣሪያ ከሩቅ ሰዎች ጋር ሲያወራ ከረመና የራሱን ፈቃድ ለማውጣት ፈተና ልውሰድ አለ። እናቱ ስልክ ደውላ «እማዬ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲያወራ ዝም ብዬ ልየው?» ያለችኝ ያኔ ነው።

ሦስት ወር አብሬያቸው ስቀመጥ መልሱን ስፈልግ ነበር። እኔ ራሴ ለ22 ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ስለነበርኩ የሰው ድምፅ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ደስ ይለኛል። ውጭ አገር የሚያድጉ የልጅ ልጆች ያሏችሁ፣ ያገኘሁት ይጠቅማችሁ ይሆናል።

አማተር የተባለው ሰዎቹ ጀማሪ ስለሆኑ ሳይሆን ክፍያ ስለሌለበት ነው። መንግሥት የተወሰኑ ሞገዶችን ለይቶ ይሰጣቸዋል፤ ፈተና ያለፈ ሰው ፈቃድና የራሱ የጥሪ መለያ ያገኛል። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፤ 26 የመለሰ ያልፋል። የዕድሜ ገደብ የለውም። የሞርስ ኮድ ፈተናም እ.ኤ.አ. በ2007 ቀርቷል። ፈቃዱ ለ10 ዓመት ያገለግላል።

ድምፁ እንዴት ይደርሳል?

በእጅ የሚያዘው ሬዲዮ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 5 ዋት። ሕንፃና ኮረብታ ይጋርደዋል። ስለዚህ «ሪፒተር» ያስፈልጋል። ገጠር ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል፦ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው ማዶ ላለው መልእክት ሲኖረው፣ ጉብታው ላይ የቆመ ሰው ጥሪውን ተቀብሎ ያሻግርለታል። ሪፒተርም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተተክሎ በአንድ ሞገድ የሰማውን በዚያው ቅጽበት በሌላ ሞገድ፣ በተሻለ ጉልበት መልሶ ያሰማል።

የልጅ ልጄ የሚወደው «ዲኤምአር» የሚባለውን ዲጂታል ሬዲዮ ነው። አሠራሩን የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ለሥራ ሬዲዮ ነበር፤ አማተሮች በኋላ ለራሳቸው ወሰዱት። ትልቁ ብልሃቱ በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት ወሬ ማስኬዱ ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የአንዷ ዘነዘና ሲነሣ የሌላዋ ይወርዳል፤ አይጋጩም። ዲኤምአርም ጊዜውን በ30 ሚሊ ሰከንድ እየከፈለ አንዱን ተራ ለአንዱ ወሬ፣ ቀጣዩን ለሌላው ይሰጣል። ጆሯችን መቆራረጡን አያውቀውም።

ከዚያ ብዙዎቹ ሪፒተሮች በኢንተርኔት ይያያዛሉ። «ብራንድሚስተር» ከእነዚህ መረቦች አንዱ ነው። ተናጋሪው «ቶክግሩፕ» የሚባል የቡድን ቁጥር ይመርጣል። ቡድኖቹ እንደ ማኅበር ናቸው፤ የአገር አለ፣ የሰፈር አለ፣ 91 ደግሞ የዓለሙ ሁሉ መገናኛ ነው። እያንዳንዱ ሰውም ባለ 7 አሃዝ መለያ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች አገሩን ያሳያሉ፤ የኢትዮጵያ 636 ነው።

የእናትየው ስጋት

ልጄ መጀመሪያ የጠየቀችው «ማን ይሰማዋል?» ብላ ነው። መልሱ «ሁሉም» ነው። የስልክ መልእክት ልጁና ላኪው ብቻ የሚያውቁት ነው፤ ይህ ግን ጎረቤትየውም፣ እናቱም፣ የማታውቋቸው መቶ ሰዎችም ሊሰሙት ይችላሉ። ሕጉ ትርጉሙን ለመደበቅ የተቆለፈ ንግግርን፣ ንግድንና ጸያፍ ቃልን ይከለክላል። ተናጋሪው ቢያንስ በየ10 ደቂቃውና ሲጨርስ የጥሪ መለያውን መናገር አለበት። እኔም በሥራ ዘመኔ ያየሁት ይህንኑ ነው፦ ሰው መስመሩ ላይ ሦስተኛ ጆሮ እንዳለ ሲያውቅ አንደበቱን ይሰበስባል።

ስለዚህ የሚያሰጋው ሬዲዮው ላይ ያለው ወሬ ሳይሆን ሌላ ነው። አንደኛው አድራሻ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የባለፈቃዶችን ስምና የፖስታ አድራሻ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ያወጣል። የጥሪ መለያውን የሰማ ሁሉ ልጁ የት እንደሚኖር ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ አስቀድማ የፖስታ ሣጥን ተከራየች፤ ልጁም በዚያ ተመዘገበ። ሁለተኛው፣ ወሬውን ከሬዲዮ ወደ ግል መልእክት ለመውሰድ የሚፈልግ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከመጣ ልጁ መልስ ሳይሰጥ ለእናቱ እንዲናገር ተስማማን። መሣሪያው ሳሎን ይቀመጣል፤ የትምህርት ቤቱ ስም አይነሣም። ከዚህ በኋላ ፈተናውን ወሰደ፣ አለፈ።

ማዕበል ሲመጣ

የልጄን ልብ ያራራው ግን የጎረቤትየው ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ሄሊን የተባለችው አውሎ ነፋስ የሰሜን ካሮላይናን ምዕራባዊ ተራሮች ስትመታ መብራት ጠፋ፣ መንገድ ተቆረጠ፣ የእጅ ስልክ ዝም አለ። ማውንት ሚቸል በተባለው ተራራ ላይ የነበረው የአማተሮች ሪፒተር ግን መሥራቱን ቀጠለ። ሰዎች ዘመዶቻቸውን ያፈላለጉትና እርዳታ የጠየቁት በእሱ ነበር። ተራራው 2,037 ሜትር ነው፤ ከሚሲሲፒ ወንዝ ወዲህ በምሥራቅ በኩል የሚበልጠው የለም፤ ከአዲስ አበባችን ግን ዝቅ ይላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ሪፒተር የድሮው ዓይነት አናሎግ ነበር። ዲኤምአርን ከሩቅ አገር የሚያገናኘው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሪፒተሩ ባትሪ ካለው የሚያገለግለው አካባቢውን ብቻ ነው። ዲጂታል ድምፅ ጥራት አለው፤ ሞገዱ ሲደክም ግን በአንዴ ይጠፋል። አናሎጉ እየሸሸ፣ እየተንሿሿም ቢሆን ትንሽ ያሰማል። ስለዚህ ልጁ ሁለቱንም እንዲማር መከርኩት፤ ጎረቤትየውም ተስማሙ።

ያየሁትን ለውጥም ልንገራችሁ። በስልክ ሳናግረው «እሺ» ብቻ የሚለኝ ልጅ፣ ሬዲዮ ላይ ሰው እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ የሰማውን ደግሞ ያረጋግጣል፣ አመስግኖ ይሰናበታል። አንድ ቅዳሜ መቆጣጠሪያውን እሱ ይዞ እኔን አናገረኝ፤ በአሜሪካ ሕግ ባለፈቃዱ እስከተቆጣጠረ ድረስ ይፈቀዳል። ኦሃዮ ያሉ አንድ ሽማግሌ ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲሰሙ «ኢቲ3ኤኤን አግኝቼው አውቃለሁ» አሉ። የልጅ ልጄ ዞሮ አየኝ። «እማማ፣ አዲስ አበባም አለ?»

አለ። ኢቲ3ኤኤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ 5 ኪሎ፣ ያለው የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያ ነው። እዚህ ፍላጎቱ ያለው ልጅ ያላችሁ መጀመሪያ ወደ ክበቡ ጠጋ በሉ። ውጭ ያለ ዘመድ «ሬዲዮ ልላክለት» ካለ ግን አስቁሙት። በአገራችን ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃድ ሳይኖር በሻንጣ የመጣ የሬዲዮ መገናኛ አየር ማረፊያ ላይ ሊቀር ይችላል። ፈቃዱ ይቅደም፣ ዕቃው ይከተል።

«ልከልክል ወይስ ልፍቀድ?» ለምትሉኝ መልሴ ይህ ነው፦ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ምሽት ከልጁ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። ሬዲዮ ነውና፣ ማዳመጥ ፈተናም ፈቃድም አይጠይቃችሁም።