የጤና መረጃ ለፖሊሲ ውሳኔና ለጤና ባለሙያዎች ምደባ የሚውለው እንዴት ነው?

አንድ ተገልጋይ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ በቅድሚያ የሚስተናገደው በካርድ ክፍል ነው። በዚያም ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ጾታውንና የመኖሪያ ቀበሌውን ይጠየቃል። ብዙዎች ይህን ሂደት ሐኪም ዘንድ ከመቅረብ የሚያዘገይ የወረቀት ሥራ አድርገው ይመለከቱታል። ሆኖም በዚህ መልኩ የሚመዘገበው መረጃ በቀጣዩ የበጀት ዓመት ለጤና ጣቢያው ስንት ባለሙያ እንደሚያስፈልግና ምን ያህል መድኃኒት ሊቀርብለት እንደሚገባ ለመወሰን ከሚያገለግሉት መነሻዎች አንዱ ነው።

መረጃው የሚያልፍበት መንገድ

በገጠር ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የየቤተሰቡን የጤና ሁኔታ በቤተሰብ ማኅደር ይይዛሉ። በጤና ጣቢያዎችና በሆስፒታሎች ደግሞ ለቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ለወሊድ፣ ለክትባትና ለተመላላሽ ሕክምና የየራሳቸው መዝገቦች አሉ። ከእነዚህ የሚገኘው ቁጥር በየወሩ ተጠቃሎ በወረዳ፣ በዞንና በክልል በኩል ለጤና ሚኒስቴር ይደርሳል። ሪፖርቱ የሚጠናቀረው ዲኤችአይኤስ 2 በተሰኘው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው።

አማካይ ቁጥር የማያሳየው ልዩነት

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚፈጸም ወሊድ በ1992 ዓ.ም. 5 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 26 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። ለውጡ የሚያበረታታ ቢሆንም አማካዩ ብቻውን በቂ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የነበረው 26 በመቶ ሲተነተን በከተማ 79 በመቶ፣ በገጠር ግን 20 በመቶ እንደነበር ያሳያል። አማካዩን ብቻ የተመለከተ ዕቅድ አውጪ ለሁሉም አካባቢ ተመሳሳይ መፍትሔ ሊያዘጋጅ ይችላል። ልዩነቱን ያስተዋለ ግን አምቡላንስ፣ የእናቶች ማቆያና ተጨማሪ አዋላጅ ነርስ ይበልጥ የሚያስፈልጉት የት እንደሆነ ይለያል።

ምደባ በሥራ ጫና ሲሰላ

ባለሙያዎችን ለየተቋሙ በእኩል ቁጥር መመደብ ፍትሐዊ ሊመስል ይችላል። የሥራ ጫናን መሠረት ያደረገው የዓለም ጤና ድርጅት የአሠራር ዘዴ ግን ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል፦ በተቋሙ ያለው ሥራ የስንት ባለሙያ ጊዜ ይጠይቃል?

ስሌቱን ለማስረዳት ያህል፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ የዓመት ፈቃድ፣ በዓላትና ሥልጠና ተቀንሰው በዓመት 216 ቀናት፣ በቀን 8 ሰዓት ትሠራለች እንበል፤ ይህም 1,728 ሰዓት ይሆናል። አንድ ወሊድ በአማካይ 6 ሰዓት ክትትል የሚጠይቅ ከሆነ በዓመት 288 እናቶችን ልታዋልድ ትችላለች። በዚህ ስሌት በዓመት 1,150 ወሊድ የሚያስተናግድ ጤና ጣቢያ ለዚህ ሥራ ብቻ 4 አዋላጅ ነርሶች ያስፈልጉታል። የቅድመ ወሊድና የድኅረ ወሊድ ክትትል ሲታከል ቁጥሩ ይጨምራል። ወሊድ ሌሊትና ቀን ስለማይለይ ጥቂት እናቶች በሚገለገሉበት ጤና ጣቢያም ቢሆን ለተረኝነት የሚበቃ ባለሙያ መኖር አለበት።

ያልተመዘገበ አገልግሎት የሚያስከትለው ጉዳት

በዚያው ጤና ጣቢያ ከ1,150 ወሊዶች 600ዎቹ ብቻ ቢመዘገቡ ስሌቱ የሚያሳየው ፍላጎት ወደ 2 አዋላጅ ነርሶች ይወርዳል። እናቶቹ ግን ቁጥራቸው አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በምጥ ሰዓት አጠገባቸው የሚገኘው ባለሙያ ነው። ያልተሰጠ አገልግሎት እንደተሰጠ ተደርጎ ሪፖርት ሲቀርብም ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው፤ ለአንዱ ያለአግባብ የተመደበው ባለሙያ ለሌላው ይጎድላል። በመሆኑም ሪፖርቱ ከመዝገቡ ጋር መመሳከር ይኖርበታል።

ከተገልጋዮች የሚጠበቀው

• ዕድሜንና የመኖሪያ ቀበሌን በትክክል መናገር፤ የሌላ ሰው ካርድ አለመጠቀም።
• የክትትልና የክትባት ካርድን በእያንዳንዱ ቀጠሮ ይዞ መቅረብ።
• በቤት የተፈጸመ ወሊድን ወይም ሞትን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማሳወቅ።
• በጤና ተቋም ለተወለደ ሕፃን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ተቀብሎ ልደቱን በ90 ቀናት ውስጥ ማስመዝገብ።

የግል ምስጢር ጥበቃ

ለዕቅድ የሚያገለግለው ወርሃዊ ሪፖርት የሚይዘው ድምር ቁጥርን እንጂ የታካሚን ስም አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል። ተገልጋዩ የሚጠየቀው መረጃ ለምን እንደሚውል መጠየቅና ማብራሪያ ማግኘት ይችላል። ትክክለኛ መልስ መስጠቱም ለራሱ ሕክምናና በዚያው ጤና ጣቢያ ለሚገለገሉ ሁሉ ይጠቅማል።