ያውቁ ኖሯል? ስሜን ከእሳት የተወለደ ተራራ ነው

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ገደሎች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዐለት ሥራ ናቸው። ሳንቃበር በተባለው የፓርኩ ማደሪያ አጠገብ አፋፉ ላይ ቆመው ማዶውን ሲያዩ፣ ዐለቱ በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ ንብብር ነው፤ ፍሰቱ በፍሰት ላይ እየረጋ ነው የተከመረው። በኋላ ዝናብና ወንዝ ሸርሽረው ዛሬ የምናየውን ገደል ፈለፈሉት። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ለመሄድ ካሰቡ ጥቅምትና ኅዳርን ይምረጡ። ሰማዩ ጠርቷል፣ መስኩም ገና አልደረቀም። መነሻው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደባርቅ ናት፤ የመግቢያ ክፍያውም ሆነ ጠባቂና አስጎብኚ ማግኘቱ እዚያው ያልቃል። ከጉዞዎ በፊት ግን የመንገዱን ደህንነት ያጣሩ። ሌሊቱ ውኃ ያረጋልና ጋቢ ብቻ አይበቃም። ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሆነው ራስ ደጀን በአንድ ትንፋሽ አይሩጡ፤ ሳንቃበር አድረው ሰውነትዎን ያለማምዱ።

በፓርኩ ውስጥ ጨነቅ በተባለው ስፍራ አካባቢ ከስሜን በቀር በዓለም የትም በዱር የማይገኘውን ዋልያ ያዩ ይሆናል። ጭላዳዎቹማ መንገድ ዳር ናቸው፦ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ፣ ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ። እባክዎ ዳቦ አይወርውሩላቸው፤ ምግባቸው ሣር ነው።