ተቀጥላ ኩባንያ በውል ውስጥ ሊሰጠው ስለሚገባ ትርጓሜ

ከአርባ ምንጭ ሙዝ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ፣ ከጫሞ ሐይቅ የወጣ ዓሣ ተረክቦ የሚያከፋፍል፣ ወይም ዕቃ አስመጥቶ በጋሞ ገበያዎች የሚቸረችር ነጋዴ ያለ መጋዘንና ያለ ሱቅ ሥራውን ሊያካሂድ አይችልም። አከራዩ አንድ የታወቀ ባለ ሕንፃ በሆነ ጊዜ ውሉ ቀላል ነው። ነገር ግን አንዳንድ ታላላቅ ኩባንያዎች ሕንፃ፣ መጋዘንና መንገድ የሚሠራላቸውንና የሚያስተዳድርላቸውን ሌላ ኩባንያ ለብቻው ያቋቁማሉ። ይህም ተቀጥላ ኩባንያ ይባላል። በውሉ ላይ የሚፈርመው ተቀጥላው ሲሆን፣ ነጋዴው የሚተማመነው ግን በእናት ኩባንያው ስም ነው። ክርክር የሚነሣውም ከዚሁ ነው።

በገበያ ቋንቋ «እኅት ኩባንያ» የሚለው ቃል ለሁሉም ይነገራል። ይሁን እንጂ ልዩነት አለው። ተቀጥላ ማለት እናት ኩባንያው የሚቈጣጠረው ነው፤ እኅት ማለት በአንድ እናት ሥር ካሉት ተቀጥላዎች አንዱ ለሌላው ያለው ዝምድና ነው። ቅርንጫፍ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው ዕዳው የዋናው ኩባንያ ዕዳ ነው።

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ ኩባንያዎች ቡድን የተለየ ክፍል አልነበረውም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ግን ስለ እናትና ስለ ተቀጥላ ማኅበር ደንግጓል። ዋናው መለኪያ የስም መመሳሰል ሳይሆን ቍጥጥር ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ድምፅ መያዝን ወይም አብዛኞቹን ዲሬክተሮች የመሾምና የመሻር ሥልጣንን የመሰለ ነው።

ለምሳሌ አንድ የሙዝ ነጋዴ የሦስት ዓመት የመጋዘን ኪራይ በቅድሚያ ከፈለ እንበል። ውሉ «ኩባንያውና እኅት ኩባንያዎቹ» ይላል፤ የፈረመው ግን ተቀጥላው ብቻ ነው። ተቀጥላው ቢከስር ነጋዴው ገንዘቡን ከእናትየው ሊጠይቅ ያስባል። ሆኖም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግምት አይገኝም፤ በግልጽ መነገርና ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ መመልከት አለበት። የእናትየው ማኅተም ከሌለበት ውል ላይ ስሟ ብቻ ቢጻፍ ነጋዴውን አያድነውም።

የመሠረተ ልማት ነገር ሲሆን ደግሞ አደረጃጀቱ ሊለወጥ እንደሚችል ማሰብ ይገባል። የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅት ራሱን የቻለ የመንግሥት ድርጅት ነበረ፤ በ2009 ዓ.ም. ግን ከአየር መንገዱ ጋር በአንድ ግሩፕ ሥር ተጠቃለለ። የአርባ ምንጭም አውሮፕላን ማረፊያ በዚሁ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ በውል ዘመን ውስጥ ሲደርስ መብትና ግዴታ ወደ ማን እንደሚተላለፍ አስቀድሞ የተጻፈለት ነጋዴ አይቸገርም።

ስለዚህ በትርጓሜው ክፍል አራት ነገሮች ሊጻፉ ይገባል።

አንደኛ፤ የተቀጥላው ሙሉ ስምና የንግድ ምዝገባ ቍጥር።

ሁለተኛ፤ የቍጥጥሩ መለኪያ። እንደዚህ ሊጻፍ ይቻላል፤ «ተቀጥላ ማለት እናት ኩባንያው በቀጥታም ሆነ በሌላ ኩባንያ በኩል ከግማሽ በላይ ድምፅ የያዘበት፣ ሕንፃና መሠረተ ልማት ለመሥራት፣ ለመያዝ ወይም ለማከራየት የተቋቋመ ማኅበር ነው።»

ሦስተኛ፤ ትርጓሜው በፊርማው ቀን የነበሩትን ብቻ ወይስ ወደ ፊት የሚቋቋሙትንም እንደሚጨምር፤ እናትየው አክሲዮኗን ብትሸጥም ምን እንደሚሆን።

አራተኛ፤ እናትየው ዋስ ከሆነች እስከ ስንት ብር እንደሆነ፤ እርሷም ራሷ መፈረሟ።

ሕንፃ ለሚገዛም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የተቀጥላውን አክሲዮን መግዛት ሕንፃውን መግዛት አይደለም፤ ሕንፃው የማኅበሩ ንብረት ሆኖ ይቀራል። ሕንፃውን ራሱን የሚገዛ ሰው በቍጥር 1723 እንደተደነገገው ውሉን በጽሑፍ አድርጎ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ማስመዝገብ አለበት። መሬቱም የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሊዝ ውሉ በማን ስም እንደሆነና ስንት ዘመን እንደቀረው መመርመር ይገባል።

ቍጥር 1731 በሕግ መሠረት የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ መሆኑን ይናገራል። ቃሉ ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከዚያ ወጥቶ ሌላ ትርጕም አይሰጠውም። እንግዲህ ነጋዴ ቀብዱን ከመክፈሉ በፊት የትርጓሜውን ገጽ ቢያነብ፣ ያልገባውንም ለሕግ ዐዋቂ ቢያሳይ፣ ኋላ በፍርድ ቤት ደጅ ከሚያጠፋው ጊዜና ገንዘብ ይድናል።