የቀን ርዝመት፣ የዓመት ርዝመትና የመስከረም 25 ጥላ

በቦሌ ወይም በአያት በሚገኝ በማናቸውም የትምህርት ቤት ግቢ፣ መስከረም 25 ቀን አንድ ሜትር ቁመት ያለው ዘንግ ቀጥ ብሎ ቢተከል፣ ፀሐይ ከፍተኛው ቦታዋ ላይ በምትደርስበት ጊዜ ጥላው ወደ ሰሜን 24 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ይህ ዕለት የክረምት ፍጻሜ ሲሆን፣ ወሰኑም የተጣለው መዓልትና ሌሊት በሚተካከሉበት ዕለት ላይ ነው። ይሁን እንጂ ፀሐይ በምድር ወገብ ትክክል በምትውልበት ቀን፣ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ የዚሁ ዘንግ ጥላ ከ16 ሳንቲሜትር ሊበልጥ አይገባም። 16 ሳንቲሜትር የሚለካው መስከረም 12 ወይም 13 ቀን ነው። (መለኪያው ሰዓት 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። የአገሪቱ ሰዓት የተመሠረተው በኦጋዴን በኩል በሚያልፈው የ45 ዲግሪ መሥመር ስለሆነ፣ ፀሐይ ወደ ቦሌ ዘግይታ ትደርሳለች።)

ታዲያ ይህ የቀናት ልዩነት ከየት መጣ? ተማሪ፣ ምድር መሽከርከሯን እያዘገመች መሄዷን ሰምቶ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው ሊል ይችላል። መዘግየቱ በርግጥ እውነት ነው። ጨረቃ የውቅያኖስን ውኃ ስትስብ የሚፈጠረው ሙላትና ጉድለት የምድርን ሽክርክሪት እንደ ልጓም ይይዘዋል፤ ጨረቃም በአንጻሩ በዓመት 3.8 ሳንቲሜትር ያህል ትርቃለች። አሜሪካዊው ጆን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ከ350 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የኮራል ቅሪቶች ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ 400 ያህል የዕለት ዕድገት መሥመሮችን ቆጥረዋል። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ጊዜ ያን ጊዜም ከዛሬው እጅግ የተለየ አልነበረም፤ ስለዚህ ያው ዓመት ለ400 ሲካፈል የዚያ ዘመን ቀን 22 ሰዓት ገደማ እንደነበረ ይታወቃል። ሆኖም የቀን ርዝመት በመቶ ዓመት የሚጨምረው ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ተጠራቅሞ በ2,000 ዓመት የሚያስከትለው ልዩነት 3 ሰዓት ያህል ነው፤ ይህም ከባቢሎንና ከቻይና የግርዶሽ መዛግብት ተረጋግጧል። ሦስት ሰዓት ደግሞ ዐሥራ ሦስት ቀን አይሆንም።

ምክንያቱ ሌላ ነው። የወቅቶች ዓመት 365.2422 ቀን ሲሆን፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት የእኛ አቆጣጠር ዓመቱን 365.25 አድርጎ ይይዛል። በዓመት 11 ደቂቃ ያህል ትርፍ አለ ማለት ነው፤ ይህም በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሞላል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስከረም 25 ከፀሐይ ጋር ይስማማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ልዩነቱ ሲጠራቀም ኖረ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1582 ዓ.ም. 10 ቀን ዘልለው፣ በየ400 ዓመቱም ሦስት ተጨማሪ ቀኖችን ለመተው ወሰኑ። የእኛው ሳይለወጥ ቀጠለ። ይህን እንደ ጉድለት መቁጠር ተገቢ አይደለም፤ ቀን ሳያቋርጥ የሚቆጥር አቆጣጠር የራሱ ጥቅም አለው። ሊታረም የሚገባው፣ የጥንቱ ወሰን ዛሬም የፀሐይ ወሰን ነው ተብሎ ሲነገር ነው።

ስሕተቱ በዐይን የማይታየው አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነው። በዓመት ውስጥ በረዥሙና በአጭሩ መዓልት መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ በመስከረም 12 እና በ25 መካከል ያለው ደግሞ 6 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዓት የሚሰውረውን ዘንግ ይገልጠዋል።

ከጥላ ሌላ ለታሪክ መምህራንም የሚጠቅም ማስረጃ አለ። የአድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው፤ ምክንያቱም አውሮፓውያን በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ትተዋል። በ2100ም እንዲሁ ስለሚተዉ፣ ከዚያ በኋላ በዓሉ ማርች 3 ላይ ይውላል፤ መስከረም 1ም ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይዛወራል።