ቅጠሉ ለምን ቀይ ሆነ?

አዲሱ ገበያ የምንኖር ሰዎች ቀና ባልን ቁጥር እንጦጦን እናያለን። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የጠፈር መመልከቻ ጣቢያ አለው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ስትመጥቅ፣ ማለዳ እዚያ የተሰበሰቡ ሰዎች በቀጥታ ሥርጭት ተከታትለዋታል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቡና ተፈልቶ ሳለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጄ ከሳተላይት የተነሣ ምስል በስልኩ አሳየን። ማሳው፣ ዛፉ፣ የወንዙ ዳር ሁሉ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ለቡና የመጡት ጎረቤታችን ሳቁ። «ቀይ ቅጠል የት አይተህ ታውቃለህ ልጄ? ይሄ በኮምፒውተር የተቀባ ሥዕል ነው። ጤና ጣቢያው ጓንት አጥቶ የሕዝብ ገንዘብ ለዚህ ይፍሰስ?» ልጁ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ዝም አለ።

እኔም ዝም አልኩ። ነርስ ሆኜ ስሠራ ጓንት ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ስላየሁ ነገሩ ነካኝ። ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ግን የልጁ ዝምታ ነበር።

ምስሉን ላስቀድም። ድሮ አንዲት ነፍሰ ጡር አልትራሳውንድ ስትታይ «ይሄ ጭጋግ ነው፤ ልጄ የታለ?» ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ፎቶግራፍ አይደለም። መሣሪያው ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ይልካል፤ ነጥሮ የተመለሰውን ለክቶ በጥቁርና በነጭ ይሥለዋል። ሆኖም የፅንሱን የልብ ትርታ ማንም ከራሱ አልፈጠረውም።

የሳተላይቱም ነገር እንዲሁ ነው። ጤነኛ ቅጠል ዓይናችን የማያየውን፣ ከቀይ ብርሃን አልፎ ያለውን ጨረር በብዛት ያንጸባርቃል። ካሜራው ይህን ይለካል፤ ባለሙያው እንድናየው ብሎ ቀይ ቀለም ይሰጠዋል። ቀዩ ሲደበዝዝ ሰብሉ መጎዳቱን ሊጠቁም ይችላል። በ2011 ዓ.ም. ዓለም ያየው የጥቁር ጉድጓድ ብርቱካናማ ምስልም ከሬዲዮ ሞገድ የተሠራ ነው። ቀለሙን ሰው ይመርጠዋል፤ ከሥሩ ያለው ግን ልኬት ነው።

ጎረቤታችን መጠራጠራቸው ግን ጥፋት አይደለም። በአልትራሳውንድም ጥላውን እንደ በሽታ የሚያነብ አይጠፋም። በኢቲአርኤስኤስ-1 ምስል ላይ አንዷ ነጥብ በየጎኑ 13.75 ሜትር ገደማ ስለምትሸፍን፣ ማሳን እንጂ አንዲትን የጤፍ ዘለላ አታሳይም። ስለዚህ ምስሉን ማሳው ድረስ ሄዶ ካየ ሰው ቃል ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሳተላይቷ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀች፣ ከዚህም 6 ሚሊዮን ያህሉን ቻይና እንደሸፈነች በወቅቱ ተነግሯል። ዓላማዋም ለግብርና፣ ለደንና ለውኃ ሀብት የሚያገለግል ምስል ማቅረብ ነበር፤ ከዚያ በፊት አገራችን እንዲህ ያለውን ምስል ከውጭ ትገዛ ነበር። የታቀደላት ዕድሜ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። እንግዲህ መጠየቅ ያለብን ምስሉ በጊዜው ለልማት ሠራተኛው ደርሷል ወይ፣ አንብቦ የሚያስረዳስ ሰው አለ ወይ ብለን ነው።

ይህን የምለው በሥራ ዘመኔ ካየሁት ተነሥቼ ነው። በአንድ የሠራሁበት ቦታ ውድ መሣሪያ ተገዝቶ፣ የሚያነብለት ባለሙያ ስላልሠለጠነ ጨርቅ ለብሶ ከረመ። ገንዘቡ የባከነው መሣሪያው ስለተገዛ ሳይሆን አንባቢ ስላልነበረው ነው። ያ ስልኩን ኪሱ የከተተው ልጅ ነገ አንባቢ ሊሆን የሚችል ነው። በሳቅ ዝም ካሰኘነው ጎረቤታችን የሚሉትን ብክነት እኛው ቤታችን ውስጥ ጀመርነው ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ ልጁን «ስልክህን ይዘህ ና፤ የአባባን ጥያቄ መልስ» አልኩት። እንጦጦን አሳያቸው፤ ተራራው ቀይ በቀይ ነው። ቀለሙ ከየት እንደመጣ አስረዳቸው። ጎረቤታችን መነጽራቸውን አጥልቀው ብዙ አዩት።

«ባሕር ዛፉንና ጥዱን ይለይልኛል?»

«ከዚህ ምስል ብቻ እርግጠኛ መሆን አልችልም አባባ። ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል።»

ጎረቤታችን ስለ ጓንቱ ያሉትን አልተዉም፤ እንዲተዉም አልፈልግም። ቅዳሜ ግን ሁለቱ አብረው እንጦጦ ሊወጡ ተቀጣጥረዋል።